ማጥ ውስጥ የቆመችው መኪና፤ «ሳይኮ» የተባለው ፊልም በተመልካች ልብ ላይ ስለሚሠራው ሥራ

ስለ ግድያ የሚናገር ፊልም ሁሉ ለተመልካቹ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ይኸውም «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ነው። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ይህን ምሥጢር ለማወቅ ነው፤ ምሥጢሩ በተገለጠ ጊዜም ኮቱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል ይባላል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምናምነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን አልፍሬድ ሒችኮክ በ1960 ያወጣውን «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ደጋግመን ካየን በኋላ ሐሳባችን ተለወጠ፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እንኳ ከዚህ ፊልም ፊት ሲቀመጥ ከጭንቀት የማይድንበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለመመርመርም ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ፊልሙን ገና ያላየ አንባቢ ቢኖር ደግሞ እዚህ ላይ አቁሞ አይቶት ቢመለስ ይሻለዋል፤ ምሥጢሩን ሳንገልጥ ልንጽፍ አንችልምና።

ለጥናታችን መነሻ የሆነን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ተማሪዎች ሆነን በማደሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን ይህን ፊልም አየን። ከስድስታችን አንዱ የሕግ ተማሪ ነው፤ ክርክር ይወዳል፤ ለወንጀለኛ የሚያዝን ሰው ሲያይ ደሙ ይፈላል። በፊልሙ እኩሌታ ገደማ ኖርማን ቤትስ የተባለው ወጣት የተገደለችውን ሴት ሬሳ በራስዋ መኪና ጭኖ መኪናዋን ወደ ማጥ ይገፋታል። መኪናዋ ቀስ በቀስ ትሰምጣለች። ከዚያ ጣራዋ ገና እየታየ ቀጥ ትላለች፤ አትሰምጥም። ወጣቱ ዙሪያውን ይገላምጣል። በዚያች ቅጽበት ከአንሶላው ፊት የተቀመጥነው ሁላችን ትንፋሻችንን ዋጥን፤ የሕግ ተማሪው ወዳጃችን ግን ሳይታወቀው ድምፁን አውጥቶ «ስመጪ እንጂ!» አለ። መኪናዋም ሰመጠች። እኛ ሣቅን፤ እሱ ግን አልሣቀም።

ስለዚህች አንዲት ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ሲከራከረን ሰነበተ። በመጀመሪያው ቀን አልተናገርሁም አለ። በሁለተኛው ቀን ፊልሙ አታለለኝ አለ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያለ ፊልም የሰውን የፍርድ ስሜት የሚያበላሽ ስለ ሆነ ወጣቶች ባያዩት ይሻላል የሚል ብያኔ ሰጠ። ክሱን በሣቅ ልናልፈው አልወደድንም፤ ፊልሙ በርግጥ አታሎት እንደ ሆነ በምን መንገድ እንዳታለለው ማወቅ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ፊልሙ እንዴት እንደ ተሠራ በአጭሩ እናስታውስ። ሒችኮክ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ይህን ፊልም በአሜሪካ በሠራ ጊዜ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ባለ ቀለም ፊልም አውጥቶ ነበር። ለ«ሳይኮ» ግን በቴሌቪዥን ለሚያቀርበው ዝግጅት የሚሠሩትን ባለሙያዎች ይዞ በጥቁርና ነጭ፣ 800,000 ዶላር ገደማ በሆነ ወጪ ሠራው፤ ይህ በሆሊውድ ሚዛን ትንሽ ገንዘብ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ሮበርት ብሎክ በ1959 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ለፊልም እንዲስማማ አድርጎ የጻፈው ጆሴፍ ስቴፋኖ ነው። ፊልሙ በኒው ዮርክ መታየት ሲጀምር ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተመልካች ፊልም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ገብቶ፣ ያመለጠውን በሚቀጥለው ዙር አይቶ መውጣት ልማዱ ስለ ነበረ ትእዛዙ ብዙ ሰው አስገረመ። የማስታወቂያ ብልጠት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ስሟ በማስታወቂያው ላይ በጉልህ የተጻፈው ጃኔት ሊ ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ትሞታለች። ዘግይቶ የገባ ሰው የሞተችውን ሴት «መቼ ትመጣ ይሆን?» እያለ ሊጠብቅ ነው።

በዚያ ዘመን ምሥጢሩን ለወዳጆቻችሁ እንዳትነግሩ ብለው ተመልካቹን የሚማጠኑ ፊልሞች ነበሩ። ፈረንሳዊው አንሪ ዦርዥ ክሉዞ በ1955 ያወጣው «ሌ ዲያቦሊክ» እንዲህ ያለ ልመና ያቀርባል፤ ቢሊ ዋይልደር በ1957 ከአጋታ ክሪስቲ ትያትር የሠራው የፍርድ ቤት ፊልምም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ጥሩ ፊልሞች ናቸው። ሆኖም ልመናው ራሱ ድካማቸውን ያሳያል፤ ምሥጢሩ ከወጣ ከኃይላቸው ብዙው አብሮ እንደሚወጣ ሠሪዎቹ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዳንድ ቅዳሜ ማታ ፊልም ይታይ ነበር። ክፉው ሰው መብራት ከመብራቱ በፊት ሳይያዝ ቀርቶ አያውቅም፤ እኛም ለማን ማጨብጨብ እንዳለብን ከመጀመሪያው ጀምሮ እናውቅ ነበር። «ሳይኮ»ን ስናይ ያጣነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ፊልሙ የሚጀምረው በአሪዞና በምትገኘው በፊኒክስ ከተማ ነው። በሸራው ላይ ቀኑ ዓርብ ዲሴምበር 11፣ ሰዓቱም በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ43 ደቂቃ መሆኑ ይጻፋል። ካሜራው ከከተማው ጣራዎች በላይ እየተንሳፈፈ መጥቶ ከአንድ መስኮት መጋረጃ ሥር ሾልኮ ይገባል። እዚያ ማሪዮን ክሬን የምትባል የቢሮ ሠራተኛና ሳም ሉሚስ የሚባለው ወዳጅዋ በምሳ ሰዓታቸው በድብቅ ተገናኝተዋል። ሊጋቡ ይፈልጋሉ፤ ሳም ግን ከአባቱ የወረሰው ዕዳ አለበት፤ ለተፋታት ሚስቱም ቀለብ ይከፍላል። ማሪዮን ወደ ቢሮዋ ስትመለስ አንድ ሞቅ ያለው ባለጠጋ ለሴት ልጁ የሠርግ ስጦታ የሚሆን ቤት ሊገዛ 40,000 ዶላር በጥሬው አምጥቶ ይመካል፤ እግረ መንገዱንም ዓይኑን በእርስዋ ላይ ይጥላል። አለቃዋ ገንዘቡን ባንክ አስገቢ ይላታል። እርስዋም ይዛው ትጠፋለች።

እዚህ ላይ ሒችኮክ የሚያደርገው ነገር ቀላል ይመስላል። ሌባይቱን አይኰንንም፤ አያመሰግንምም። ከአጠገብዋ ያስቀምጠንና መኪና ስትነዳ ያሳየናል። አለቃዋ በመንገድ መሻገሪያ ላይ ሲያያት እኛ እንደነግጣለን። በማግሥቱ ጧት መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ እንደ ተኛች አንድ የአውራ ጎዳና ፖሊስ መስኮቱን ይቈረቍራል። ይህ ፖሊስ ምን በደል ሠራ? ምንም። እንዲያውም በመንገድ ዳር መተኛት አደገኛ ስለ ሆነ ማረፊያ ቤት ብታድሪ ይሻልሽ ነበር ብሎ ይመክራታል። ነገር ግን ዓይኑን በጥቁር መነጽር ሸፍኖ ፊቱን ሸራው እስኪሞላ ድረስ ያቀርበዋል፤ በኋላም ከሩቅ ይከተላታል። እኛ ይህን ሰው ጠላነው። ሕግ አስከባሪ ነው፤ ጠርጣራ ቢሆንም ጥርጣሬው እውነት ነው፤ ሴቲቱ ሌባ ናት። ይህ ሁሉ እየታወቀን «ሂድልን» አልነው። መኪናዋን 700 ዶላር ጨምራ በሌላ ስትለውጥ ሻጩ ቶሎ እንዲጨርስላት ተመኘን። እንግዲህ የሕግ ተማሪው ወዳጃችን ማጡ ዘንድ ከመድረሱ በፊት፣ ገና ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ ሕግ እንዲያመልጣት ሲመኝ ቈይቶአል፤ ምኞቱ ትንሽ ስለ ነበረች አልታወቀውም እንጂ።

ማታ ዝናብ ይዘንባል። ማሪዮን መንገድ ስታ አሥራ ሁለት ክፍሎች ወዳሉት፣ አሥራ ሁለቱም ባዶ ወደ ሆኑበት የመንገድ ዳር ሞቴል ትደርሳለች። ባለቤቱ ኖርማን ቤትስ ነው፤ አንቶኒ ፐርኪንስ የሚጫወተው ዓይን አፋርና ቀጭን ወጣት ነው። ዳቦና ወተት ያቀርብላታል፤ ቆዳቸው በጭድ ተሞልቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉ ወፎች በታች ተቀምጠው ያወራሉ። ስለ እናቱ ሲነግራት የሰው ልጅ ሁሉ በራሱ ወጥመድ እንደ ተያዘ የሚያስረዳ ነገር ይናገራል። ማሪዮንም ከዚህ ንግግር በኋላ ትጸጸታለች፤ ወደ ፊኒክስ ተመልሳ ገንዘቡን ልትሰጥ ትወስናለች። ያጠፋችውን 700 ዶላር ከ40,000 ላይ ቀንሳ በወረቀት ላይ ታሰላለች፤ ወረቀቱንም ቀዳ ትጥለዋለች።

እዚህ ላይ ለአገራችን አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ትንሽ ነገር አለ። ኖርማን ልብስዋን ስታወልቅ በግድግዳው ቀዳዳ ሊያያት ሲል ቀዳዳውን የሸፈነውን ሥዕል ያነሣል። ሥዕሉ የሶስና ታሪክ ነው። ስትታጠብ ተደብቀው ያዩአት ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት የከሰሱአትን ሶስናን በቅዱስ መጽሐፋችን ያነበበ ሰው፣ ሒችኮክ በዚያ ቀዳዳ ላይ ሌላ ሥዕል ሳይሰቅል ይህን የሰቀለበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። ከዚያም ካሜራው ከኖርማን ዓይን ጋር አብሮ በቀዳዳው ያያል። እኛም አየን። ሦስተኛው ሽማግሌ ማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ስለ ገላ መታጠቢያው ግድያ እጅግ ብዙ ተጽፎአልና እኛ አናበዛም። ከአንድ ደቂቃ የማይበልጠውን ግድያ ለማንሣት አንድ ሳምንት ያህል ፈጅቶአል፤ ቢላዋው ገላን ሲወጋ በግልጽ ሳይታይ ተመልካቹ ያየ ይመስለዋል። በርናርድ ኸርማን ለፊልሙ የደረሰው ሙዚቃ በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚመታ ነው። ሒችኮክ በዚህ ትዕይንት ላይ ሙዚቃ እንዳይኖር አስቦ ነበር፤ ኸርማን የሠራውን ካሰማው በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ጃኔት ሊ ራስዋ ፊልሙን ካየች በኋላ ቆማ በሻወር መታጠብ እንደ ተወች ተናግራለች። ድንጋጤው ታላቅ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ድንጋጤ ቶሎ ያልፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ያየው ሰው ቢላዋው መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ትከሻውን አስቀድሞ ይሰበስባል። እኛን የገረመን ከድንጋጤው በኋላ የሚመጣው ነው።

ማሪዮን ከሞተች በኋላ ተመልካቹ በመንገድ እኩሌታ በቅሎው የሞተችበትን መንገደኛ ይመስላል። ከእርስዋ ጋር ፈርቶአል፤ ከእርስዋ ጋር ተጸጽቶአል፤ አሁን ምኞቱን የሚጭንበት ሰው የለውም። ካሜራውም እንደዚሁ ግራ የገባው ይመስላል፤ ከሞተችው ዓይን ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ይዞራል፤ ገንዘቡ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ያያል፤ ከዚያም በመስኮቱ ወደ ኮረብታው ቤት ይመለከታል። ኖርማን «እማዬ! ደም!» እያለ ሲጮኽ ይሰማና እየሮጠ ይመጣል። ተመልካቹም ሌላ በቅሎ አጥቶ በእርሱ ላይ ይጫናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጽዳት ሥራ ነው። ብዙ ደቂቃዎች ያለ ንግግር ያልፋሉ። ኖርማን መወልወያና ባልዲ ያመጣል፤ ሬሳውን በመታጠቢያው መጋረጃ ይጠቀልላል፤ ገንዳውን ያጥባል፤ ወለሉን ይወለውላል፤ እጁን ይታጠባል፤ ዕቃዋን ይሰበስባል። ሠሪው ትጉህ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። ሰው ሥራውን በጥንቃቄ ሲሠራ የሚያይ ዓይን፣ ሥራው እንዲቃናለት ሳይመኝ አይቀርም። በአገራችን መንገድ ላይ መኪና ሲገፋ ያየ አላፊ አግዳሚ ባለቤቱ ማን ነው፣ ወዴትስ ሊሄድ ነው ሳይል ትከሻውን ያውሳል። ኖርማን ክፍሉን አጽድቶ ሊወጣ ሲል ጋዜጣው እንደ ተረሳ አየን፤ ልንነግረውም ምንም አልቀረንም። ተመልሶ አየውና ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ከሬሳው ጋር በመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወረወረው። ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ ያስጨነቀን ገንዘብ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተጣለ፤ እኛም ስለ ገንዘቡ አላዘንንም፤ ክፍሉ ስለ ጸዳ እፎይ አልን።

መኪናዋ በማጡ ውስጥ የቆመችው እንግዲህ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው። ወዳጃችን በሁለተኛው ቀን ያቀረበው መከላከያ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ኖርማን እናቱን ለማዳን የሚደክም ልጅ መስሎኝ አዘንሁለት፤ እናቱን የሚሸፍን ልጅ ማንንም ያሳዝናል፤ ገዳዩ እሱ ራሱ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አላዝንለትም ነበር።» መከላከያው ያምራል። ለ1960 ተመልካች ቢሆን ኖሮ እኛም እንቀበለው ነበር፤ በርግጥም ፊልሙ በመጀመሪያ እይታ የቆመው በዚህ ስሕተት ላይ ነው። ነገር ግን ወዳጃችን ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ፊልሙ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እናቲቱ ከብዙ ጊዜ በፊት እንደ ሞተች፣ ልብስዋን ለብሶ የሚገድለውም ልጅዋ እንደ ሆነ ፊልሙን ያላየ ሰው ሁሉ ሰምቶአል። እንዲያውም ፊልሙ ሊጀመር ሲል ይህን የነገረን እሱ ራሱ ነበር፤ «ምሥጢሩን ስለማውቀው አያስፈራኝም» ብሎ ነበርና። እንግዲህ እያወቀ ነው «ስመጪ» ያለው። እኛም እያወቅን ነው ትንፋሻችንን የዋጥነው።

የምንለው ይህ ነው፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ፍርሃቱ በምሥጢሩ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ምኞታችን ግን በምሥጢሩ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ምሥጢሩ ሲገለጥ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ምኞቱ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ያሳፍራል። የመኪናዋን ነገር ያስተዋልነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሒችኮክ ከፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ያደረገውና በ1966 በመጽሐፍ የወጣው ጭውውት፣ ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት መኪናዋ ጨርሳ እንድትሰምጥ እንደሚመኝ ይናገራል። ስለዚህ ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ታስቦበት መሠራቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ፊልሙን ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት ነው። በብሎክ ልብ ወለድ ኖርማን ወፍራም፣ በዕድሜው የገፋና መጠጥ የሚወድ ሰው ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በእርሱ ነው። ሒችኮክና ስቴፋኖ ግን ወጣት፣ መልከ መልካምና ሲናገር የሚንተባተብ አደረጉት፤ የታሪኩንም መጀመሪያ ለሴቲቱ ሰጡ። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ኖርማንን ገና በመጀመሪያው ገጽ ይተዋወቀውና ሊጠነቀቀው ጊዜ ያገኛል። የፊልሙ ተመልካች ግን ኖርማንን የሚያገኘው በሌባይቱ መኪና ከተጓዘ በኋላ፣ ለሕግ ተላላፊ መመኘትን ከተለማመደ በኋላ ነው።

ልምምዱ ከማጡ በኋላም አይቆምም። የጠፋችውን ሴት የሚፈልግ አርቦጋስት የሚባል የግል መርማሪ ይመጣል። ማርቲን ባልሳም የሚጫወተው ይህ ሰው ብልህ፣ ትሑትና ሥራውን አክባሪ ነው። በሌላ ፊልም ቢሆን የምናጨበጭበው ለእርሱ ነበር። ኖርማንን ሲጠይቀው ግን ካሜራው ከኖርማን አገጭ በታች ዝቅ ብሎ አንገቱን ያሳየናል፤ የሚያኝከውን ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ልክ እንደ ወፍ ነው። በዚያች ሰዓት ጥያቄው የእኛ ጉሮሮ ላይ የተቀመጠ ያህል ነበር። አርቦጋስት በደረጃው ላይ ሲገደል ካሜራው ከጣራው አጠገብ ሆኖ ቊልቊል ያያል። ይህም የገዳዩ ፊት እንዳይታይ የተደረገ ዘዴ ነው፤ ሆኖም መርማሪው ከላይ ሲታይ እጅግ ትንሽ ሆኖ እንደሚታይና ሞቱ የማሪዮንን ያህል እንደማያሳዝን ልብ ልንል ይገባል።

ፊልሙ ነውር የሌለበት ነው አንልም። አርቦጋስት ከሞተ በኋላ የምንከተላቸው የማሪዮን እኅት ሊላና ሳም ናቸው፤ ሊላን የምትጫወተው ቬራ ማይልስ የተቻላትን ታደርጋለች፤ ሳም ግን እንጨት ነው። ወደ ታችኛው ክፍል እስኪወርዱ ድረስ ያለው ጊዜ ረዘመብን። ከሁሉ የከፋው ግን የአእምሮ ሐኪሙ ንግግር ነው። ይህ ሰው ከመጨረሻው ትዕይንት በፊት በፖሊስ ጣቢያ ቆሞ ኖርማን ከአሥር ዓመት በፊት እናቱንና ወዳጅዋን እንዴት እንደ መረዘ፣ የእናቱንም ሬሳ ሰርቆ እንዴት እንዳስቀመጠ፣ በአእምሮው ውስጥም እናትና ልጅ እንዴት ሁለት ሆነው እንደ ኖሩ እንደ ክፍል አስተማሪ ያብራራል። ከመካከላችን የሥነ ልቦና ትምህርት የሚማረው ወዳጃችን በዚህ ደስ አለው። እኛ ግን ንግግሩ ተመልካቹን በነፃ የሚለቅ ፍርድ መስሎ ታየን፤ «በሽተኛ ነው፤ አንተን አይመለከትህም፤ ወደ ቤትህ ሂድ» የሚል ይመስላል። ማጡ ዘንድ የተያዘው ተመልካች እዚህ ላይ ያመልጣል። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ኖርማን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በእናቱ ድምፅ የሚያስብበት ክፍል፣ እንደገና ባይዘው ኖሮ ሐኪሙ ፊልሙን ጨርሶ ባበላሸው ነበር። የመጨረሻው ሥዕል መኪናዋ በሰንሰለት ታስራ ከማጡ ስትጎተት የሚያሳይ ነው። እንድትሰምጥ የተመኘናት መኪና ተመልሳ ወደ እኛ ትመጣለች።

ከዚህ ፊልም በኋላ ቢላዋውን የወሰዱ ብዙዎች ናቸው፤ ማጡን የወሰዱ ግን ጥቂቶች ናቸው። በ1978 ጆን ካርፔንተር ያወጣው «ሃሎዊን» አባቱን የማይረሳ ልጅ ነው፤ በውስጡ ያለው ሐኪም ሉሚስ ይባላል፤ ዋናይቱ ተዋናይም የጃኔት ሊ ልጅ ጄሚ ሊ ከርቲስ ናት። እሱን ተከትለው የመጡት አያሌ ፊልሞች ግን ተመልካቹን ከማስደንገጥ ያለፈ ጉዳይ የላቸውም። በ1998 ደግሞ ገስ ቫን ሳንት «ሳይኮ»ን ራሱን በቀለም፣ ትዕይንቱን በትዕይንት እየተከተለ እንደገና ሠራው፤ የተሰረቀውንም ገንዘብ 400,000 ዶላር አደረገው። ያየነው በፀጥታ ነው፤ መኪናዋ ስትቆም ማንም አልተነፈሰም፤ ትንፋሹን የዋጠም አልነበረም። ምክንያቱ ምናልባት አዲሱ ተዋናይ ገና ከመጀመሪያው የሚያስፈራ ስለ ሆነ ይሆናል። አንድ ሰው አስቀድሞ ከጠረጠርነው ትከሻችንን አናውሰውም።

ወደ ወዳጃችን ብያኔ እንመለስ። ፊልሙ የፍርድ ስሜትን ያበላሻል ወይ? እኛ የምንመልሰው፣ ፊልሙ በልባችን ያልነበረ ርኅራኄ አላስገባም ብለን ነው። ያሳየን ርኅራኄያችን እግሩን የሚያነሣው ዓይናችን ብዙ ጊዜ ወደ ተቀመጠበት ሰው መሆኑን ነው፤ ማሪዮንን ብዙ ስላየናት ለማሪዮን፣ ኖርማንን ብዙ ስላየነው ለኖርማን ተመኘን። ከሞተች አሥር ደቂቃ ሳይሞላት ሬሳዋ ያለበት መኪና እንዲሰምጥ የፈለግነው እኛው ለእርስዋ ስንፈራ የነበርነው ነን። ወዳጃችን ነገ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ክርክር የሚሰማ ነው። በፊቱ ቆሞ ረጅም ጊዜ የሚናገረው ተከሳሹ ነው፤ የሞተው አይናገርም። ይህን በነገርነው ጊዜ «ለዚህ ነው የሥነ ሥርዓት ሕግ ያለው» ብሎ መለሰልን። መልሱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሥርዓቱ ያስፈለገው ልባችን እንዲህ ያለ ስለ ሆነ መሆኑን ሊክድ አልቻለም። ስለዚህ ነጥብ ገና አልተስማማንም።

ባለፈው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ለማረም ስንል ፊልሙን እንደገና በዚያው አንሶላ ላይ አየነው። የሕግ ተማሪው አልመጣም ብሎ ነበር። ከተጀመረ በኋላ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ገባ፤ «ሒችኮክ ቢኖር አያስገባህም ነበር» ብንለው ዝም ብሎ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ገላ መታጠቢያው አለፈ፤ ጽዳቱ አለፈ፤ ኖርማን መኪናዋን ገፋት። ልትቆም ስትል እኛ ከአንሶላው ላይ ዓይናችንን አንሥተን ወደ ኋላ ዞር አልን። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ የታች ከንፈሩን ነክሶ ቆሞአል። ፀጥታው ረዘመ። ከዚያ ትከሻው ዝቅ ሲል አየን፤ መኪናዋም እንደ ሰመጠች በዚሁ ዐወቅን። እሱም ሁላችን ወደ እሱ መዞራችንን አየና «ፊልሙን እዩ እንጂ፤ እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ።